የአዳዳ አመድና የእኔ ጥርስ ሳሙና

በቀደም አንዲት ወጣት ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ወዳለው ሱቄ መጥታ የቢሮዋን የስም ሰሌዳ ከቦርሳዋ አወጣች። «ጋሼ፣ ቁልፍ ጫረብኝ። አዲስ ይሥሩልኝ» አለች። ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አየሁት፤ ጥፍር እንኳን የማይዘው ቀላል ጭረት ነው። «አዲስ ምን ያደርግልሻል? ቤትሽ የጥርስ ሳሙና የለም?» ስላት የቀለድኩባት መስሏት አኮረፈች። የእኔ ሐሳብ ግን ዲጋ ገብቶ ነበር።

ወጣት ሳለሁ ነቀምቴ ውስጥ ማኅተምና የስም ሰሌዳ የሚቀረጽበት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አዳዳ ሻሺቱ ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ዲጋ የሚኖሩ የአባቴ እህት ነበሩ፤ እኛ አገር አክስትን አዳዳ ነው የምንለው። ባላቸው ኦቦ ቶሌራ ከሞቱ በኋላ የዲጋ ሰዎች ሟቹ በሰጡት መሬት ላይ ለልጆች ማንበቢያ ቤት ሠርተው በስማቸው ሊሰይሙት ሆነ። ሰሌዳውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ ወርቅማ የሆነ ፕላስቲክ ነው፤ ጥቁሩ ሲፋቅ ፊደሉ በወርቅማ ይወጣል። ሱቁ ውስጥ የቀረው ጥቁር እሱ ብቻ ነበር፤ ሌላ ከፈለግን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ምረቃው ነገ ሊሆን ዛሬ ሰሌዳውን በጨርቅ ጠቅልዬ ተነሣሁ። ክረምቱ እየወጣ ነው። መንገዱ ገና ጭቃ፣ ዳር ዳሩን ሴቶች እሸት በቆሎ ይጠብሳሉ። አንዱን እየፈለፈልኩ ዲጋ ደረስኩ፣ ሰሌዳውን አዳዳ ቤት አስቀመጥኩና የማንበቢያውን በር ሰሌዳው ለሚታሰርበት ቡሎን ልበሳ ሄድኩ። ስመለስ የጎረቤት ሴቶች ለድግሱ የተዋሱትን ሳህንና ትሪ በአመድ አጥበው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ደፍተውታል። ከትሪዎቹ መሀል የእኔ ሰሌዳ እየተንጠባጠበ ተጋድሟል።

 አነሣሁት፤ ከዳር እስከ ዳር ተጫጭሯል።

«ማነው ያጠበው?» አልኳት የአዳዳን ልጅ ሌንሴን።

«እማዬ ነቻ። እንግዳ የሚያየው ዕቃ ሳይታጠብ አይቀርብም ብላ።»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በአመድ ሳይታሽ ድግስ አይገባም። ይኼኛው እንደ ትሪ እንደማይታሽ ማን ነግሯቸው? ደግነቱ የድስት ሽቦ አላነሡም።

«አሁን የት ናቸው?»

«ቸርች፣ ለነገው መዝሙር ሊለማመዱ። ሳይመሽ ትመጣለች።»

ያስጨነቀኝ ምረቃው ብቻ አልነበረም። አዳዳ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አላየሁም። የሰውዬውን ስም በገዛ እጃቸው እንዳበላሹ ከገባቸው ግን ደስታቸው እዚያው ያበቃል። ሳይመለሱ ጭረቱን ማጥፋት ነበረብኝ።

ሌንሴ ሮጣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አመጣች። ከጀርባው በኩል ጥጉ ላይ ጠብ ባደርገው ፕላስቲኩ ቀልጦ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ፊቱ ላይ ሞክሬው ቢሆን ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። «ውሰጂ፣ አርቂልኝ» አልኳት። ከዚያ የቀረውን የአመድ ብናኝ ሳላሽ በሳሙና ውሃ አወረድኩት፤ እሱ ራሱ ይጭራልና። ነጩን የጥርስ ሳሙና አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ላይ አድርጌ በቀስታ እያዞርኩ አሸሁ። ስጠርገው ጭረቱ ሳስቷል። ተመስገን ስል ሳሙናው ፊደሎቹ ውስጥ ገብቶ ደርቆ ወርቅማውን ነጭ አድርጎት ቁጭ። ሌንሴ በጥርስ ብሩሽ ፊደል በፊደል ታወጣለች፣ እኔ አሻለሁ፣ የሁለታችንም ዓይን በር በሩን ያያል። ውሻ በጮኸ ቁጥር መጡ እያልኩ ሰሌዳውን በጨርቅ እሸፍናለሁ።

ሌላው ሁሉ ሲጠራ የኦቦ ቶሌራ ስም ላይ ያለው ጭረት እምቢ አለ።

«እዚህ ጋ ብቻ ለምን ባሰ?»

ሌንሴ ብሩሹን አስቀመጠች። «እማዬ ማንበብ አትችልም። የአባትሽ ስም የቱ ጋ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሳሳያት እሱን ደጋግማ አሸችው» አለችኝ።

እንባዬ መጣ፣ ግን ለማልቀስም ጊዜ አልነበረም። ቫዝሊን በስሱ ቀብቼ ወለወልኩት። ጭረቱ ቢደበቅም ስሙ ላይ ጉም የመሰለ ድብዛዜ ቀረ። ከዚያ በላይ ባሸው ጥቁሩ ያልቃል። የአዳዳን ድምፅ ከበር ስሰማ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ መጋረጃው ሲገለጥ ፀሐይ ፊት ለፊት አረፈችበት። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አዳዳ አላጨበጨቡም። አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠግተው ስሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሌላው ያበራል። የቶሌራ ስም ለምን ተለየ?»

 «እርስዎ አብዝተው ስላሹት ነው አዳዳ። የእጅዎ ምልክት ነው» አልኳቸው። ውሸትም አይደል።

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው በየዓመቱ አሽለታለሁ» አሉ።

እንዳሉትም አደረጉ። መስቀል በቀረበ ቁጥር አመድ ይዘው ይሄዳሉ። ሰንበት ብዬ እኔ ካናቴራና የጥርስ ሳሙና ይዤ እመጣለሁ፣ «አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላም ብያቸው፣ ሻያቸውን ጠጥቼ፣ ሳያዩኝ የሚለቀውን አስለቅቃለሁ። ዘንድሮስ ስሙ ይተርፍ ይሆን እያልኩ ከነቀምቴ እስከ ዲጋ ስጨነቅ ነው የምደርሰው። ሚስቴ «አንተ የተጋባኸው ከአክስትህ አመድ ጋር ነው» ትለኛለች።

አዳዳ አምና አረፉ። ዘንድሮ እንደ ልማዴ ሄድኩ። ሰሌዳው አቧራ ከመያዙ በቀር አዲስ ጭረት አልነበረበትም። ስሙ እንዳይጠፋ ስሰጋ ኖሬ፣ እንዲህ ሳይነካ ሳገኘው ሆዴ ባባ። ለካስ ጭረቱ የጤናቸው ወሬ ኖሯል። ልጆች ከውስጥ ያዩኝ ነበርና ዓይኔን ጠርጌ ገባሁ፣ መጽሐፍም የምመርጥ መሰልኩ።