ከሊሙ ገነት ያለ ፍሬን

ንጋት 12 ሰዓት፣ ቦሳ ኪቶ፣ ጅማ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገና አባርቷል። ታናሽ ወንድሜ ነጂብ ቮልሷን ከግቢ አወጣት። ያባታችን ቮልስ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። የድሮ የጅማ ትልልቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም እንደሚጠሩት ሁሉ አባታችንም በመኪናው ስም “አባ ቮልስ” ይባላል። ልጅ ሆኜ ያ ስም አንድ ቀን ወደ እኔ፣ ወደ በኩሩ ይመጣል ብዬ አስብ ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ፤ መኪናዋም በጋራዥ ሠራተኛው በነጂብ እጅ ገባች። ሰፋፊ ቸርኬ አስገባላት፤ ወንበሮቿን ነጭ ቆዳ አለበሳቸው። የፊት ጎማዎቿን ፍሬን ደግሞ ከታምቡር ወደ ዲስክ ቀየረው። የኋላ መስታወቷ ላይ “ምቀኛ አታሳጣኝ” የሚል ጽሑፍ ለጥፏል። ምቀኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም።

አልደብቃችሁም፤ ቅናት ውስጤን ይበላኛል። “ቮልሷን አበላሻት፤ ያ ፍሬን አንድ ቀን ጉድ ይሠራዋል” እያልኩ ለአባዬ ያልደወልኩበት ወር የለም። እሱም ሊብሬውን በነጂብ ስም ከማዛወሩ በፊት መላ ዘየደ።

“ሊሙ ገነት አክስታችሁ ዘንድ አብረኸው ሂድ” አለኝ በር ላይ ቆሞ። “ስትመለሱ ፍሬኗን በሚመለከት አንተ ትነግረኛለህ። ደህና ናት ካልከኝ ለእሱ ትሁን።”

እንግዲህ ዳኛው እኔ ነኝ።

ነጂብ የፊት ኮፈኑን ከፈተ። የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት ነው። ጥግ ላይ አዲስ ያስገባውን የፍሬን ዘይት መያዣ ፕላስቲክ አሳየኝና እስከ ምልክቱ ሞላው።

“እዚህ ከባድ ዕቃ እንዳታስገባ፣ ማሎ፣ እባክህ። ቱቦው ሊነቀል ይችላል።”

“እሺ ጌታው” አልኩት።

2 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት

ጨጨብሳ በማር፣ ትኩስ ሻይ፣ ጭቃ የረገጡ ቦቲዎች፣ የቡና ጆንያ የጫኑ ባጃጆች። መኪናዋ ስትቆም የሻይ ቤቱ ባለቤት እየሮጠ ወጣ።

“አኪም ጂርታ፣ አባ ቮልስ!”

እንዲህ ያለው ነጂብን ነው። የእሱን ሻይ በነፃ አስቀዳለት፤ የእኔን ግን አስከፈለኝ። ጨጨብሳው ጣፋጭ ነበር፤ እኔን አልጣመኝም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በቡና ማሳዎች መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ነጂብ በየቁልቁለቱ ፍሬኑን ሲነካው ቮልሷ በልኳ ትቆማለች። አንድም ቀን እንዲህ ቆማ አታውቅም፤ በአባዬ ጊዜ ለማቆም ከመቶ ሜትር በፊት ማሰብ ያስፈልግ ነበር። ይህን ለነጂብ አልነገርኩትም።

7 ሰዓት፣ ሊሙ ገነት

አክስታችን ዘይነባ ሙዝና አቮካዶ ለነጭ ወንበር ሳትራራ ከኋላ ከመረችው። “ነጂቤ ባይኖር አባታችሁን ማን ያስታውሰው ነበር!” ትላለች እየደጋገመች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ነጂብ ለዙሁር ሶላት ወደ መስጊድ ሄደ።

አንድ ጆንያ ጥሬ ቡና ቀርቷል። ለነጂብ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ምን ያልተሰጠው ነገር አለና! ኮፈኑን ከፈትኩ። ባባቴ መኪና ዕቃ የት እንደማስቀምጥ ታናሼ አይነግረኝም። ጆንያውን በጉልበቴ ገፋሁት። የሆነ ነገር “ቀጭ” አለ። ሰምቻለሁ። ኮፈኑን ዘጋሁ።

ነጂብ ሲመለስ ከኋላ ያለውን የሙዝ ክምር አይቶ ሌላ ዕቃ መኖሩን ሳይጠይቅ ሞተር አስነሣ።

8 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቁልቁለቱ ላይ

ከፊታችን አህዮች። ነጂብ ፍሬን ረገጠ፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ገባ። ደጋግሞ ረገጠ፤ ምንም።

“ቢስሚላህ! ፈይሰል፣ ያዝ!”

ማርሹን ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ጣለው፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሳበ። አህዮቹን ለጥቂት አለፍናቸውና የመንገዱን ዳር የአፈር ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። እኔ ወንበሩን ጨብጬ ቀረሁ፤ ነጂብ ግን ረጋ ብሎ ሞተሩን አጠፋ። በዚህም ቀናሁበት።

በጭቃው ላይ ተኝቶ ከሥር ገባ። አራቱን ጎማዎች አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ሁሉም ደረቅ ናቸው። መሬት ላይ ጠብታ ዘይት የለም።

“ጠዋት ሞልቼዋለሁ፤ የትም አልፈሰሰም” አለ ከሥር እንዳለ። “እንግዲያው ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ውስጥ ያለው ጎሚኒ ነው የለቀቀው። የገጠምኩት እኔ ነኝ። ልክ ነበርክ፤ ለአባዬ ንገረው። አህዮቹ ባይሆኑ፣ ሕፃን ቢሆንስ?”

ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። ሲመጣ ግን ደስ አላለኝም። የፊት ጎማውን እስኪፈታ ድረስ ቆሜ አየሁት።

“ነጂብ፣ ተው። ኮፈኑን ክፈተው።”

ከፈተው። ጆንያው ቱቦውን ነቅሎታል፤ ዘይቱ አንድም ጠብታ ወደ ውጭ ሳይወጣ ቡናው ጠጥቶታል።

“ስታስገባው አልታወቀህም?”

“ቀጭ ሲል ሰምቼ ነበር።”

ነጂብ ጆንያውን አውጥቶ ወደ ኋላ አዛወረው። ከዚያ የቱቦውን ጫፍ በቢላ ቆርጦ መልሶ ሰካው፤ በፋሸታ፣ በብረት ማሰሪያ፣ አጠበቀው። ከዕቃ ሳጥኑ ዘይት አውጥቶ ሞላ።

“ግባና እርገጥ። አየሩን እናውጣ። ልቀቅ ሳልልህ ከለቀቅህ አየሩ ተመልሶ ይገባል።”

የፍሬን አየር አንድ ሰው ብቻውን አያወጣውም። እሱ ከጎማው ሥር፣ እኔ ከፔዳሉ ላይ ሆነን ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ዞርን።

“እርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!”

“ያዝኩ!” እለዋለሁ። ታናሼን ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዝኩበት ቀን ያ ነው። ቀስ በቀስ ፔዳሉ እግሬ ሥር ጠነከረ።

11 ሰዓት፣ ቦሳ ኪቶ

አባዬ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀናል።

“እህ፣ ፍሬኗስ?”

ነጂብ ወደ መሬት አየ። መልሱን ለእኔ ተወው።

“ፍሬኗ ደህና ናት፣ አባዬ። መንገድ ላይ ጠፍታ ነበር፤ ያጠፋኋት እኔ ነኝ” ብዬ ሁሉንም ነገርኩት።

አባዬ ከጆንያው አንድ ፍሬ ቡና አንሥቶ አሸተተ፤ ፊቱን አጨማደደ።

“ይኼ ላንተ የተላከ ነበር። አዲስ አበባ ይዞት ይሂድ ብላ አክስትህ ትናንት ደውላልኛለች።”

አባዬ ሊብሬውን ከኪሱ አውጥቶ ለነጂብ ሰጠው።

በዚያው ቅጽበት አንድ ጎረቤት በመንገዱ ሲያልፍ “አባ ቮልስ!” ብሎ ተጣራ። አባታችን ሰምቷል፤ ግን ቀና አላለም፤ በአገጩ ወደ ነጂብ አመለከተ። ነጂብ “አቤት!” አለ።

እኔም ሳላስበው ዞሬ ነበር።