የናስ መዘውር ፍለጋ፦ ከመቱ እስከ ባሮ ወንዝ

ከመቱ የተነሣነው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ጭጋጉ ከሶር ወንዝ ላይ ገና ሳይገፈፍ ነው። ሁለት በቅሎ፣ አንድ ጭነት ሰም፣ በሶና ጭኮ ይዘን ባለቤቴ አቶ ደምሴና እኔ ብቻችንን ወጣን። የሄድንበት ጉዳይ ለሰው ሲነገር ያስቃል፤ የዓሣ ማጥመጃ ልንገዛ ነበር። እኔ ግን ያን ለት አልሣቅሁም።

ባለቤቴ የሲራራ ነጋዴ ናቸው። የጎሬን ቡና በበቅሎ ወደ ቆላ አውርደው ጨውና አቡጀዲ ይዘው ይመለሱ ነበር። ባሮ ዳር በሰፈሩ ቁጥር ዓሣ ማጥመድ ይወዳሉ። ባለፈው ዓመት ሲባጎውን ግራ እጃቸው ላይ ጠምጥመው ተቀምጠው ሳለ አንድ ትልቅ ዓሣ መንጠቆውን ውጦ ሄደ። ሲባጎው አልፈታ አለ። ከዚያ እጅ የተረፉት አውራ ጣታቸውና ትንሿ ጣት ናቸው። ቁስሉ ዳነ፣ እሳቸው ግን አልዳኑም። ከሁለቱ በቀር በቅሎዎቹን ለወንድማቸው ትተው ቤት ዋሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባሉ።

ጎሬ ያለ አንድ የግሪክ ነጋዴ ክር የሚጠቀለልበት ብረት አስመጥቷል ሲባል ሰማሁ። መዘውር ይሉታል። ዘንግ ላይ ይታሰራል፤ ክሩ ትንሽ ከበሮ ላይ ተጠምጥሞ በእጀታ ይዞራል። ሲባጎ እጅ ላይ መጠምጠም ቀረ ማለት ነው።

«እንሂድና እንየው» አልኋቸው።

«ምነው፣ ዓሣ ጠፋብሽ?»

«የጠፉብኝ እርስዎ ነዎት።»

በማግስቱ ለሁለቱ በቅሎዎች ገብስ ሲሰፍሩ አየኋቸው።

ወደ ጎሬ

መንገዱ ጫካ ለጫካ ነው። ዛፉ ከላይ ተጋጥሞ ሰማይ አያሳይም፤ ከሥሩ የጫካ ቡና ቅጠሉ ጤዛ አዝሎ ልብሳችንን ያረጥበዋል። እኩለ ቀን ላይ መንገድ ዳር ያለች አንዲት እናት የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረበችልን። ብር ብንሰጣት እንቢ አለች፤ ጥቂት ጨው ተቀበለችን። ስንበላ የባለቤቴን እጅ አይታ «ሀርኪ ኢሳኒ ማል ታኤ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እጃቸው ምን ሆነ ማለቷ ነው። በክፋት አይደለም። እሳቸው ግን ጎደሬውን ትተው ተነሡና በቅሎዎቹ ዘንድ ሄዱ። እኔም አፍሬ ሳልጨርስ ተከተልኋቸው። እስከ ጎሬ ድረስ በቅሏቸውን ከፊት ከፊቴ ነዱ።

ጎሬ ስንደርስ ከተማው በቡና ጆንያና በበቅሎ ታጭቋል። ነጋዴው ሙሴ ኮስታ ይባላል፤ አማርኛም ኦሮምኛም እየቀላቀለ ይናገራል። ሰማችንን መዝኖ ከወሰደ በኋላ ሁለት መዘውር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አንዱ እንደ መስተዋት ያበራል፤ በጣት ሲነኩት ድምፅ ሳያሰማ ይሾራል። ሌላው ወፍራም ናስ ነው፤ ጠቁሯል፣ ይከብዳል።

«ይኼ ውስጡ ልጓም አለው» አለ የሚያበራውን እያሳየ። «ዓሣው ሲጎትት ራሱ ይይዘዋል። ለጌታው እጅ ይኼ ይሻላል።»

ባለቤቴ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ደግሞ ልቤ ወደሚያበራው ሄዷል። ነገር ግን ጥጥ ስፈትል ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ክር ሳይጎተት አይታመንም። «እንሞክረው» አልሁት። ሙሴ ኮስታ ሣቀና የሚያበራውን ዘንግ ላይ አስሮ ሰጠኝ።

መንገድ ላይ ወጣን። ክሩን ከበቅሏችን ኮርቻ ጋር አስሬ ዘንጉን ያዝሁ፤ አንድ ጫኝ በቅሎዋን ነዳልኝ። መጀመሪያ ክሩ እንደ ውኃ ፈሰሰ። በቅሎዋ ሶምሶማ ስትጀምር ግን የከበሮው ጎን ለቀቅ አለና ክሩ በስንጥቁ ገብቶ ተቀረቀረ። ዘንጉ ከእጄ አመለጠ። በቅሎዋ ደንብራ በጎሬ አቧራ ላይ እየጎተተችው ሄደች፤ ሙሴ ኮስታ ባርኔጣውን ይዞ ከኋላ ሮጠ። ገበያው በሙሉ ሣቀ።

ባለቤቴም ሣቁ። ከዚያ ናሱን አንሥተው ዘንጉ ላይ አሰሩት። ግራ እጃቸውን በሰው ሁሉ ፊት አወጡና አውራ ጣታቸውን ከበሮው ላይ ጫን አደረጉ።

«ንዳት» አሉት ጫኙን።

ክሩ ወጣ። ጣታቸውን ሲጫኑ ይዘገያል፣ ሲያነሡ ይፈጥናል። ጫኙ በቅሎዋን ሩቅ አድርሶ መለሳት፤ ከበሮው አልተነቃነቀም።

«ግን ልጓም የለውም» አለ ነጋዴው።

«ልጓሙ ይኸው» አሉ አውራ ጣታቸውን እያሳዩ።

ናሱን ወሰድን።

ከቡሬ ወደ ባሮ

ከጎሬ ቡሬ ድረስ ባለቤቴ ወሬ አላቋረጡም። ያልሰማሁትን የሲራራ ታሪክ ሁሉ ነገሩኝ። ቡሬ አድረን ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን በቅሏቸውን ማዘግየት ጀመሩ። ሙቀቱ ከታች እየመጣ ይገጥመናል፤ ጫካው አልቆ ረጅም ደረቅ ሣር ይተካል። የወንዙ ድምፅ ሲሰማ በቅሏቸውን አቆሙ።

«ከዚህ እንመለስ ብልሽ ትቀየሚኛለሽ?»

«አልቀየምም። ግን ብቻዬን ወርጄ አየዋለሁ።»

ወረድሁ። ቆይተው ተከተሉኝ።

መልካው ላይ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ በታንኳ ሰው ያሻግራሉ። ባለቤቴን ያውቋቸዋል፤ አቅፈው ሳሟቸው፣ ስለ እጃቸው አንድም ነገር አላነሡም። «ቁርጡሚ ጉዳ እዚያ ነው» አሉን፣ ትልቁ ዓሣ ማለታቸው ነው፤ ከማዶ ካለው ጥቁር ድንጋይ በታች ያለውን ጥልቅ ውኃ አሳዩን።

መጀመሪያ የወረወርሁት እኔ ነኝ። ጣቴን በጊዜ ባለመጫኔ ከበሮው ክሩን ቀድሞ ዞረና ሁሉም ተተበተበ፤ የወፍ ጎጆ መሰለ። ሾላ ጥላ ሥር ተቀምጠን ፈታን። እኔ በአሥር ጣት፣ እሳቸው በሰባት። ክሩ ሲላላ እሳቸው በትንሿ ጣታቸው ይይዙልኛል፣ እኔ ቋጠሮውን አወጣለሁ። ከተጋባን ወዲህ እንዲያ ተቀራርበን አንድ ሥራ የሠራንበትን ቀን አላስታውስም።

«ዓሣው ጣቴን ሲወስድ አልጮህሁም» አሉ ቀና ሳይሉ። «የጮህሁት ኋላ፣ ሲባጎውን ጠምጥሞ የያዘው የራሴ እጅ መሆኑን ሳስብ ነው።»

ቋጠሮውን መፍታቴን ቀጠልሁ።

ከዚያ እሳቸው ወረወሩ። በአውራ ጣታቸው ላይ ቁራጭ ቆዳ አስሬላቸዋለሁ። ቢላቸውን ከአፎቱ አውጥተው ሰጡኝና «አጠገቤ ቁሚ» አሉኝ። ብዙም ሳንቆይ ዘንጉ ጎበጠ። የመዘውሩ እጀታ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የቀኝ ጣቶቻቸውን መታቸው፤ ለቀቁት። ክሩ ሲወጣ ቆዳው ጢስ ጢስ ሸተተ።

«ልቁረጠው?» ብዬ ጮህሁ።

«ገና!»

ዓሣው አንድ ጊዜ ጀርባውን አሳየን፤ የታንኳ ሆድ ያህል ነው። ወዲያው ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ዞረ። ከበሮው ላይ ናሱ መታየት ጀመረ፤ ክሩ ማለቁ ነው። ባለቤቴ አንድ እግራቸው ውኃ ውስጥ ገብቷል። ቢላውን ክሩ አጠገብ አደረስሁ። እሳቸው ዓሣውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ።

«ቁረጪው» አሉ።

ቆረጥሁት። ዘንጉ ቀና አለ። ኦቦ ገመቹ ከታንኳቸው ላይ ሆነው «ዋዪ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። ባለቤቴ ግን አሸዋው ላይ ተቀምጠው እስከ እንባ ሣቁ፤ እኔም አብሬ። በቀረችው ክር ከሰዓት በኋላ ክንድ የምታህል ዓሣ ያዙና ከኦቦ ገመቹ ጋር ጠብሰን በላን።

መቱ

ስንመለስ ጎረቤቶቻችን ዓሣው የታለ ብለው ጠየቁን። ባለቤቴ ራሳቸው ወጥተው ሙሉውን ነገሯቸው፣ ያመለጠውን ጭምር። በሳምንቱ በቅሎዎቻቸውን ከወንድማቸው ተቀበሉ።

ስለ መዘውሩ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። የምመልሰው ይህን ነው፦ አጥብቆ የሚይዘውን አትፈልጉ፤ ጭነት ላይ ሆኖ ሳይቀረቀር የሚለቅላችሁን ፈልጉ። እኔ ይህን የተማርሁት ለዓሣ ብቻ አይደለም። ዓመት ሙሉ ባለቤቴን ከጓዳ ለማውጣት ስጎትት ነበር፤ የወጡት ቁልቁለቱ ላይ ብቻዬን ልወርድ ስተዋቸው ነው።

የደረስን ለት እራት ስንበላ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ቁረጪው ባልልሽ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?»

ልዋሽ አሰብሁና ተውሁት።

«እቆርጠው ነበር።»

ጉርሻቸውን ጨርሰው ቀና አሉ። «ይኼን አውቄ ነው» አሉ፣ «ቢላውን ለአንቺ የሰጠሁት።»