በገዛ ደሜ የሠራሁት መለኪያ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። የነፍስ አባቴ ፊት ጉልበቴን አጥፌ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር ኖሬ፣ ይህን አንዱን በየዓመቱ ዘልየዋለሁ። እርስዎ አንባቢዬ አያውቁኝም። ፊትዎን ስለማላየው ነው መሰለኝ ዛሬ የደፈርኩት።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረች ትንሽ ሐኪም ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ዶክተራችንን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት ነበር። ቢሊሩቢን የሚባለው የደም ቢጫ ከልክ ሲያልፍ አንጎል ይጎዳል። ቁጥሩ ሃያ ከደረሰ ሕፃኑን በሐኪም ቤቱ መኪና አዲስ አበባ ያደርሱታል፤ እዚያ ደሙ ይለወጥለታል። ከሃያ በታች ከሆነ ጡት እየጠባ ይጠብቃል። ያን ቁጥር የማወጣው እኔ ነበርኩ።

ቁጥሩ ግን ከሰማይ አይወርድም። አስቀድሞ መለኪያ ፈሳሽ ይዘጋጃል። ብርሃን ስለሚያጠፋው መስኮቱን ዘግቼ፣ ጠርሙሱን በጥቁር ወረቀት ጠቅልዬ፣ የቢሊሩቢኑን ዱቄት በሚዛን መዝኜ፣ ከጤነኛ ሰው ደም በተጠለለ ጥሩ ውሃ እበጠብጠዋለሁ። የሕፃኑን ደም የማስተያየው ከዚያ ጋር ነው። የደሙ ውሃ ራሱ ቢጫ ካለበት መለኪያው ከተጻፈበት ቁጥር በላይ ይሆናል። ቁናው ከሰፋ የእህሉ ቁጥር ያንሳል፤ ይህን ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ዶክተሩ የእያንዳንዱን ሰው ደም መጀመሪያ ለብቻው እንድለካ፣ ቢጫ ያለበትን እንድደፋ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ገብቶኛልም።

መለኪያው ያለቀው በዐቢይ ጾም ነው። በጾም ደሜን ልስጥ የሚል ከየት ይገኛል? አንድ የማውቀውን ዲያቆን ብለምነው «አንተ ደግሞ በጾም ደም ትለምናለህ?» ብሎ ሰው ፊት ሳቀብኝ። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቅሁም። በሬን ዘግቼ በገዛ እጄ ከግራ ክንዴ ቀዳሁ።

እኔ ስጾም ዓይኔ ቢጫ ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ፤ እናቴ «ጾሙ ዓይንህ ላይ ወጣ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። አውቅ ነበር። ይስሙኝ፣ አውቅ ነበር! ታዲያ ደሜን ለምን አልለካሁትም? ብለካው ቢጫው መዝገብ ላይ ይወጣል፤ ዶክተሩ የወፍ በሽታ አለበት ብለው ከሥራ ያሰናብቱኛል ብዬ ፈራሁ። ከዘር የሚወርድ፣ ጉዳት የሌለው ነገር መሆኑን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እውነት ነው፣ እኔን አልጎዳኝም። መዝገቡ ላይ «ተለክቷል፤ ንጹሕ ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

በሳምንቱ አንጓች የምትባል ሴት ከቡሬ ማዶ በበቅሎ መጣች። የአምስት ቀን አራስ ናት። ጎረቤቶቿ አራስ ከቤት አይወጣም ብለው ቢከለክሏት፣ ልጄ መልኩ ተለወጠ ብላ ጥሳ ነው የወጣችው። ልጁ እርድ መስሏል። ደሙን ለካሁ፤ አሥራ ስድስት። ልጁን አየሁት፣ ቁጥሩን አየሁት፤ አልተገናኙም። ሌላ መለኪያ ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን ይበቃኝ ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? እኔ ግን ቁጥሩን ይዤ ወጣሁ።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ ዶክተሩ። «ለዓይኔ ከዚህ በላይ ነው።»

«እርግጠኛ ነኝ፣ ዶክተር።»

«መለኪያውስ?»

«ንጹሕ ነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ሾፌሩ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዶክተሩ ቁጥሬን አምነው፣ አንጓች ፍኖተ ሰላም ዘመድ ቤት አርፋ በሦስተኛው ቀን እንድትመለስ አዘዟት።

እሷ እንደወጣች መለኪያውን ደፋሁት። ከሁለቱ ነርሶችና ከዘበኛው ደም ለምኜ ሌላ ሠራሁ፤ ሳያቅማሙ ነው የሰጡኝ። ለካስ ሰው ነበረ! ከሕፃኑ ደም የተረፈችውን ጠብታ በአዲሱ ለካኋት። ሃያ ሁለት። ያን ጊዜ እንኳ ሮጬ ብናገር ልጁ ይደርስ ነበር። አልሮጥኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ቢጫው በራሱ እንዲቀንስ እየጸለይኩ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለውን ጸሎት ማን ይሰማዋል?

በሦስተኛው ቀን ልጁ ጡት አልይዝ ብሎ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ተለጥጦ መጣ። ስለካው ሃያ አምስት ሆነ። ዶክተሩ «በሁለት ቀን እንዲህ ይጨምራል?» ብለው ራሳቸውን ያዙ። እኔ መዝገቡን ዘጋሁ። መኪናው ያን ቀን ሄደ፤ ግን የሆነው ሆኗል።

ልጁ አልሞተም። አይሰማም፣ እግሩ አይታዘዘውም። አንጓች ግሽ ዓባይ ጠበል ድረስ ስንት ጊዜ አዝላው ወጣች። ከስምንት ዓመት በኋላ ፍኖተ ሰላም ገበያ አገኘችኝ፤ ልጁ ጀርባዋ ላይ ነበር፣ እግሮቹ መሬት ሊነኩ ደርሰዋል።

«እንዲያው ልጠይቅዎ» አለችኝ። «ባሌ ዘግይተሽ ነው ልጄን ያሰናከልሽው እያለ ይወቅሰኛል። ያነ አንድ ቀን ቀድሜ ባመጣው ኑሮ ይድን ነበር?»

«የእግዜር ፈቃድ ነው፤ ማን ያውቃል» አልኳት።

እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ ሄደች። ልጁን ከማሰናከሌ ይልቅ ይህችን የመለስኩላትን ቃል እፈራታለሁ። የገዛ ሥራዬን ለእግዜር ሰጥቼ፣ ጥፋቱን ለእናቱ አሸክሜ ወደ ቤቴ ገባሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ፈሪ ነበርኩ ልበል? ብዙ ወጣት አለ፤ ብዙ ፈሪም አለ። ከእርስዎ ይቅርታ አልለምንም፤ የሚሰጡኝ እርስዎ አይደሉም። በሕይወት ካለች፣ የሚያነብላት ሰው ካለ፣ ያን ቀን ገበያ ላይ ልመልስላት የሚገባኝ ይህ ነበር፦

አንጓች፣ በጊዜው ነበር የደረስሽው። ያዘገየሁት እኔ ነኝ።