የሌንጮ ኪኒን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ኪኒን ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ኪኒኑ የኔ አይደለም፤ የውሻዬ ነው።

ውሻ ወዳድ ሰው አልነበርኩም። አሰላ ውስጥ የቀለምና የምስማር ሱቅ አለኝ፤ ከውሾች ጋር የነበረኝ ዝምድና መንገድ ሲዘጉብኝ ድንጋይ ከማንሳት አያልፍም ነበር። ሌንጮን ያመጡብኝ ጎረቤታችን ኦቦ ቱፋ ናቸው። የሰፈራችንን ወፍጮ ቤት ለብዙ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩት ከሱ ጋር ነው። ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ወደምትኖርበት ወደ ዲክሲስ ከተማ ልትወስዳቸው መጣች። ውሻው ግን አርጅቷል፤ በዚያ ላይ የሚጥል በሽታ አለበት። የሚረከበው ሰው ጠፋ።

«አንተ ጋ ይሁን» አሉኝ ኦቦ ቱፋ። «መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ነው። አደራ።»

አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ተቀበልኩ። ሌንጮ በኦሮምኛ አንበሳ ማለት ነው፤ ባለቤቴ አልማዝ የውሻውን አፍ ከፍታ አየችና «አንበሳ ብለው ስም ያወጡለት ይሄን ነው? ጥርስ እንኳ የለውም እኮ» ብላ ሳቀች።

ጭንቁ ኪኒኑ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ዕድሜ ልኩን እንደሚወስድ፣ ከተዘለለም እንደሚጥለው ነግሮኛል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ሥጋ ውስጥ ደብቄ ሰጠሁት። ሥጋውን በላና ኪኒኑን እግሬ ሥር ተፋው። ቆይቶ ጭራሽ ባሰበት፤ የሰጠሁትን ሥጋ አፉ ውስጥ ያገላብጥና መራራ ነገር ከነካው ሥጋውንም አብሮ ይተፋል። አንድ ቀን «አንተ ሽማግሌ፣ ትንሽ እንኳ አታፍርም?» ብዬ ጮኼበታለሁ። በመጨረሻ አልማዝ በጭኮ ጠቅልላ ሰጠችው። ገብስና ቅቤ ሲሆን ጊዜ ዋጠ። እሱንም ቢሆን ቀን እየመረጠ ነው።

ጥቅምት ላይ የእብድ ውሻ በሽታ በዛና በድምፅ ማጉያ እየተዞረ «ውሻ ያላችሁ እሰሩ፣ መርዝ ይጣላል» ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ አሰረ። እኔ ግን ታስሮ ሳለ በሽታው ቢነሳበት ገመዱ ያንቀዋል ብዬ ፈራሁ። የግቢውን በር ዘግቼ ፈትቼ ተውኩት።

በነጋታው ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። መቀርቀሪያውን ሳልዘጋ የወጣሁት እኔው ነኝ። ሌንጮ የለም። የማታውን ኪኒን ተፍቶ ነው ያደረው፤ የጠዋቱን ገና አልሰጠሁትም።

የት እንደሚሄድ አላጣሁትም። ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ሁለት ውሾች ሞተው ሳይ ሩጫዬን ጨመርኩ።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ ሌንጮ ተዘርግቶ ይንፈራገጣል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል። ራቅ ብሎ ቁራጭ ሥጋ ወድቋል። «በልቶታል፣ አለቀለት» ይላል አንዱ። ሌላው ወተት ሊያመጣ ይሮጣል።

አጠገቡ ተንበረከክሁና አለቀስኩ። አልዋሽም፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው በሰው ፊት ለውሻ አለቀስኩ። ኦቦ ቱፋ በየእሁዱ ይደውላሉ፤ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ምን ልላቸው ነው?

እዚያው ድንች የምትሸጥ የማላውቃት ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ሂን ኛኔ» አለች፤ አልበላም ማለቷ ነው። «ጋሼ፣ እኔ እዚሁ ነበርኩ። ሥጋውን አፉ ውስጥ አስገባ፣ አገላበጠ፣ ተፋው። ውሻ ሥጋ ይተፋል ወይ ብዬ ገረመኝ። የወደቀው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።»

ቃሏን ማመን ፈለግሁ፤ ግን ከመርዙ ጥቂት እንኳ ውጦ ቢሆንስ? ጃኬቴን አውልቄ ከራሱ ሥር አደረግሁና ጠበቅሁ። ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ለኔ ግን አልገፋ አለኝ። ከዚያ ሁልጊዜ ሲጥለው እንደሚሆነው እግሮቹ ረገቡ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ እየተንገዳገደ ተነሳ። ለመርዝ ማርከሻ የመጣውን ወተት አንድ ጠብታ ሳያስቀር ላሰው። ሴትየዋ ሥጋውን ሌላ ውሻ እንዳያገኘው በላስቲክ አንስታ ቀበረችው። ከዚያ ወዲህ ድንች የምንገዛው ከሷ ብቻ ነው።

እሁድ ኦቦ ቱፋ ደወሉ። «መድኃኒቱን ይውጣል?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዳይጨነቁ ብዬ «አዎ፣ በደንብ» ነበር የምላቸው። ያን ዕለት ግን በሩን ሳልዘጋ መውጣቴን ጭምር ሁሉንም ነገርኳቸው። ተቀየሙኝ ብዬ ስሰጋ ሳቃቸውን ሰማሁ።

«በዚህ መትፋቱ ስንት ቀን ተጣልቼዋለሁ መሰለህ» አሉ። ሳቃቸው መሐል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ።

አሁን ከቤት ስወጣ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ነው የማየው። ሌንጮ አለ፤ እንቅልፉ በዝቷል እንጂ ደህና ነው። ዛሬም ጠዋት ኪኒኑን እግሬ ሥር ተፋው። ጎንበስ ብዬ አነሳሁና አዲስ ጭኮ ጠቀለልኩበት። እንደ ድሮው አልተናደድኩም። ይትፋ።