ባሕር ዛፉ ላይ የተሰቀለው ማጨጃ

ከቤቴ አጠገብ ያለው ሆቴል በየሳምንቱ ሣሩን ያስቆርጣል። አንድ ልጅ ሞተር ያለው ዘንግ በትከሻው አንግቶ፣ ጫፉ ላይ ክር እያሽከረከረ ሲያስጮኸው ያረፍዳል። ክሩ ሲበቃው ጫፉን ፈትቶ ስለት ይገጥማል፤ ለአጥሩ ደግሞ ሌላ ጫፍ አለው። ደብረ ብርሃን ሣሯ እንደ ሰው ፀጉር የሚስተካከልባት ከተማ ሆነችላችሁ! ጎረቤቱ ሁሉ በጩኸቱ ይማረራል። እኔን ግን የሚያስደነግጠኝ ጩኸቱ አይደለም፤ ድንገት ቀጥ ሲል ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ልቤ ድው ይልና "ወየው፣ ጓድ አየለ ወጡ!" እላለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከጎረቤላ፣ ሰውና ገብስ አብሮ በሚጫንበት መኪና፣ በዚያ ጉም በማይጠፋበት መንገድ ደብረ ብርሃን ገብቼ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ግቢው ሰፊ ነው። ፊት ለፊቱ አበባ፣ ከኋላ፣ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ፣ እስከ ወንዙ የሚደርስ መስክ ነበረው። መስኩ የሠራተኛው ነበር ማለት ይቻላል። በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ ሁላችንም ማጭድ ይዘን እናጭደዋለን፤ ሲደርቅ እኩል እኩል እንከምርና ዕጣ እንጥላለን። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ ስንጥር በዘበኛው በጋሽ ደምሴ ባርኔጣ ውስጥ ያኖራል፤ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ተጠርቶ በየክምሩ ላይ አንድ አንድ ያስቀምጣል። የደረሰህን ይዘህ መሄድ ነው።

ጋሽ ደምሴ ከሁላችንም ይልቅ ያን ሣር ይጠብቀው ነበር። አንድ ልጁን ጌታሁንን ከገበያ መሀል አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውበታል። ልጁ ትቶት የሄደው ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ ያርስበት የነበረ። ግጦሽ የለም፣ ጭድ የለም፤ ያ ድርቆሽ ከሌለ በሬው በጋውን አይዘልቅም፤ መሸጡ ነው። "ሽጠውና ተገላገል" ሲሉት፣

"ልጄ ሲመጣ በምን ሊያርስ ነው?" ይል ነበር። በሬውን ከሸጠ ልጁ አይመጣም ብሎ ያመነ ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ታዲያ ማሽኑ መጣ። ከወዳጅ አገር የተሰጠ ነው ተባለ። አንድ ሞተር፣ አንድ ዘንግ፣ የሚቀያየሩ ጫፎች፤ ባለ ክሩ፣ ክብ ስለት ያለው፣ ቁጥቋጦ የሚከረክመው ጥርሳሙ። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ አየለ ባለ ክሩን ለእኔ ሰጡና የቀሩትን ቢሯቸው ባለው የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደሯቸው። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ ሴት ልጅ ማሽን ስትይዝ ማየት አለባቸው። መስኩም እስከዚያ በማሽኑ ይታጨዳል። ማጭድ የያዘ ሰው በግቢው እንዳይታይ!

"ባንዲራቸው ላይ የሣሉትን ማጭድ እኛን ከለከሉን" አለ ሰይድ በሹክሹክታ። ሰይድ የአልዩ አምባ ልጅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው፤ አፉ አያርፍም።

ማሽኑ ከባድ ነበር። ትከሻዬን ይልጠኛል፣ ክንዴን ያደነዝዘኛል፤ ምሳ ላይ በሶ ለመበጥበጥ መድከም አላስፈለገኝም፣ ጣሳውን መያዝ ብቻ ነበር። ይህንንስ እችለው ነበር። ክሩ ግን ሣር አያጭድም፤ ይቀጠቅጣል። ያ ወገብ የሚደርስ ሣር ብትንትኑ ወጥቶ፣ ከአፈር ተለውሶ፣ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ይቀራል። ጋሽ ደምሴ በመጀመሪያው ቀን የቻለውን ያህል ሰብስቦ ለቡሬ ወሰደለት። በማግስቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"አሽትቶ ፊቱን አዞረ" አለኝ። "ምን ያድርግ፣ ታኝኮ የተተፋ ነገር እኮ ነው።" አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለቱ ቢገጠም ሣሩ ሳይሰባበር ይተኛ ነበር። ያመጣው ፈረንጅ ሲያሳየን በዓይኔ አይቻለሁ። ጓድ አየለ ቢሮ ገባሁ።

"ጓድ፣ እባክዎ ስለቱን ለዚህ መስክ ብቻ ይፍቀዱልኝ።"

"ጓድ ወይንሸት፣ ስለቱ እኮ የእንግዳ ነው!" አሉኝ። "ተቧጭሮ፣ ሣር አረንጓዴ አድርጎት ይዩት?"

ምን ይባላል? እናቴም ደህናዎቹን ብርጭቆዎች ለእንግዳ ብላ ቆልፋ በጣሳ ታጠጣን ነበር። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ እንደ እናቴ ነበሩ። አመስግኜ ወጣሁ፤ ባሕር ዛፉ ሥር ሄጄ አለቀስኩ።

መላውን ያመጣው ሰይድ ነው። ጓድ አየለ ጭቃ አይወዱም፣ ወደ መስኩ አይወርዱም፤ ሥራ መኖሩን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ሞተሩ ከጮኸ ይታጨዳል፣ ዝም ካለ ይወጣሉ። እንግዲህ ይጩኽ! በማግስቱ ሰይድ ማሽኑን ባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ በማንገቻው ሰቀለውና የቤንዚን መስጫውን በሲባጎ አሰረው። አየር እያጨደ ይጮህ ጀመር። እኛ ከሥሩ ማጭዳችንን አወጣን።

አቤት የዚያን ቀን ሥራ! ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ ሣሩ ጣት ይቆርጣል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኛ አጥንቱም አልነበረንም፣ ቆሎ ብቻ። መነጋገር አይቻልም፣ ሞተሩ ጆሮ ይበጥሳል። ቀና የሚል የለም። ጋሽ ደምሴ ከሁላችን ቀድሞ ነበር፤ ያ ሽማግሌ ሰው እንዴት እንዳጨደ! ወገቤን ያን ቀን የያዘኝ ሕመም እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ልንጨርስ ጥቂት ሲቀረን ሞተሩ ተርገበገበና ቀጥ አለ። ቤንዚን ጨረሰ። የፈሩት ይደርሳል፤ የቢሮው በር ተከፈተ። ሮጬ ማሽኑን አወረድኩና አነገትኩት። ሰዉ ሁሉ ማጭዱን ሣሩ ሥር ወሸቀ፤ ጋሽ ደምሴ ጊዜ አጥሮት በራሱ ማጭድ ላይ ቁጭ አለ። ጓድ አየለ ጭቃውን እየዘለሉ መጡ። በመስመር የተኛውን ሣር አዩ፣ ላቤን አዩ፣ ጋሽ ደምሴን አዩ።

"አያችሁ!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ክሩ ይህን ከሠራ፣ ስለቱ ቢገጠምማ!"

"እሱስ ተራራም ይቆርጣል፣ ጓድ" አለ ሰይድ።

ከሄዱ በኋላ መሳቅ ነበረብን። አቅም አጣን። ሁላችንም ሣሩ ላይ ተዘረርን፤ ጋሽ ደምሴ ብቻ ከተቀመጠበት ቀስ ብሎ ተነሥቶ ቀሪውን ማጨድ ጀመረ።

እንግዶቹ መጥተው ቁም ሣጥኑን አዩ፣ የሚያብረቀርቀውን ስለት አደነቁ፣ ለስላሳ ጠጥተው ሄዱ። ሣሩ ደረቀ፣ ዕጣ ተጣለ። ከብት ያልነበረው ሰይድ የደረሰውን ክምር "ሰደቃ ነው" ብሎ ለጋሽ ደምሴ ሰጠው። እኛም ከየክምራችን አንድ አንድ ሸክም ጨመርንለት። የጋሽ ደምሴ ክምር ከጎጆው ጣሪያ በለጠ። ቡሬ ጎኑ ሞላ፣ ጠጉሩ አንጸባረቀ። ጋሽ ደምሴ ያን ሰሞን ሲያፏጭ ሰምቼዋለሁ።

ጥር ላይ፣ አብሮት የዘመተ ቁስለኛ መጣና ጋሽ ደምሴ የጌታሁንን መርዶ ማለዳ ተረዳ።

ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። የዚያን ዓመት ጥር ዝናብ ጥሎ ነበር፤ መሬቱ እርጥብ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሰው የሚቀመጥበት አጥቶ ቆሟል። ጋሽ ደምሴ እያለቀሰ ወጣ። ወደ ክምሩ ሄደና ድርቆሹን በእቅፉ እየጎተተ ድንኳኑ ውስጥ ይጎዘጉዝ ጀመር። "ተው፣ እኛ እናድርገው" ቢሉት እንቢ አለ። ከክምሩ ግማሹን ጨረሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣

"ተቀመጪ ልጄ፤ ደረቅ ነው" አለኝ።

ተቀመጥኩ። እጄ ያጨደው ሣር ነበር፤ ሽታው ገና አልለቀቀውም። ኋላ ጋሽ ደምሴ ቡሬንም ለተዝካሩ አረደው። ሁላችንም በላን፤ እኔም በላሁ። ምን ይደረጋል።

ዛሬ ጠዋት የሆቴሉ ሞተር ቀጥ ሲል እንደ ልማዴ ደነገጥኩና ወደ አጥሩ ወጣሁ። ልጁ ጫፍ እየቀየረ ነው። የተቆረጠው ሣር በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቋል።

"ሣሩን ምን ታደርጉታላችሁ?" አልኩት።

"ይጣላል፣ ማዘር። ከብት አለዎት እንዴ?"

"የለኝም" አልኩት።

ከንቱ ድካም ነበር ወይ እያልኩ ራሴን የምጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሣሩ ለበሬው ነበር፣ በሬው ለልጁ ነበር፣ ልጁ አልመጣም። ብቻ ያ ሁሉ ለቅሰኛ እርጥብ መሬት ላይ አልተቀመጠም። ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁለትም። የሆቴሉ ልጅ ሞተሩን መልሶ አስነሣው። ወገቤን ይዤ ደጃፌ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አልኩ፤ ጥቅምት ነው፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል።