አባቴ ያልመረጠበት የምርጫ ክልል

አባቴ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ በእውነት የሚቆጠር ድምፅ መስጠት ይፈልግ ነበር። አገር ቤት ሳለ ቀበሌ ሰብስቦ ያስመረጠውን ምርጫ ብሎ አይጠራውም፤ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ሲሄድ ደግሞ የውጭ ዜጋ ሆነ። ካናዳ፣ ካልጋሪ መጥተን ራንድል የሚባል ሰፈር ቤት ስንከራይ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የምርጫ ጣቢያ መሆኑን ሰምቶ ሎተሪ የወጣለት ያህል ደስ አለው።

ልቡ ግን የቀረው የተማረባት ትንሽ የጀርመን ከተማ ላይ ነበር። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ የእሷ ወረዳና የጎረቤቷ ወረዳ ተጣምረው አንድ የፓርላማ ወንበር ተሰጣቸው። በመሃል ወንዝ አለ። ወዲህ፣ በእሷ በኩል፣ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ፣ ወዲያ ገበሬዎች። የመጀመሪያው ጠብ በምርጫ ክልሉ መጠሪያ ላይ የየትኛው ከተማ ስም ይቅደም የሚል ነበር። “የኛዎቹ ተሸነፉ” ይል ነበር አባቴ፣ የኛዎቹ እያለ! ፋብሪካው አይዘጋም ብሎ የተመረጠው ሰው ወንበሩ ሳይሞቅ ፋብሪካው ተዘጋ፤ በሁለተኛው ምርጫ የወዲያ ማዶው ሰው አሸነፈ። ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ነጎደ። ይህን ሁሉ የሚነግረው የድሮ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ነው፤ በየገናው ይደውላል። ከዚያ አባቴ እራት ላይ ቢላዋውን ወንዝ፣ ብርጭቆዎቹን መንደር አድርጎ ለእኛ ያስረዳል። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ እያልኩ አቋርጠዋለሁ።

ታሪኩን ሁልጊዜ የሚጨርሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። ገና እዚያው ጀርመን ሳለ፣ በመጀመሪያው ምርጫ ቀን ክፍል ያከራዩት አሮጊት የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን ለብሰው አብረኸኝ ና አሉት። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቦርሳቸውን አስይዘውት ገቡ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እሱ ውጭ ቆሞ ቦርሳ ይዟል።

የካናዳ ዜግነት ባገኘን ማግስት የፌዴራል ምርጫ መጣ። አባቴ አዲስ ዜጋ የሆነውን የሚያውቀውን ሐበሻ ሁሉ አብረን እንሂድ ብሎ እኛ ቤት ጠራ። ሰው ከኮራል ስፕሪንግስም ከሌላም ሰፈር መጣ። እናቴ እንደ ማኅበር ደግሳ ጠበቀች። ከበላን በኋላ ሁላችንም ለባብሰን መንገዱን ተሻገርን፤ ከቀበሌ የተላክን ነበር የምንመስለው።

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ሴት አድራሻችንን እያየች፣ እዚህ የሚመርጡት የራንድሎቹ ብቻ ናቸው፣ ሌላው እንደየሰፈሩ የራሱ ጣቢያ አለው አለች። የጀርመንን ድንበር በቢላዋ የሚያሰምረው አባቴ፣ በእኛም መሃል ድንበር እንደሚያልፍ ለካ አስቦት አያውቅም።

እናቴና እኔ መረጥን። እሱ ግን እንግዶቹን ወደየጣቢያቸው ለማድረስ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። መጀመሪያ አንተ ምረጥ አልኩት።

“እንግዶቼን ውጭ አቁሜ? እኔ እኮ ደጄ ነው፤ ደርሼ እመጣለሁ” አለኝ።

የሥራ ሺፍት የሚገባውን አስቀደመ፤ ሌሎቹን አስከተለ። በመጨረሻ ያደረሳቸው፣ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ ጣቢያው ላይ ሲደርሱ መታወቂያቸውን ቤት መርሳታቸው ታወቀ። ምንም አይደለም ብሎ ቤት መልሶ፣ መታወቂያቸውን አስይዞ እንደገና ወሰዳቸው። እኔ በመስኮት ሳይ መኪናውን አቁሞ እየሮጠ መንገዱን ተሻገረ። የካልጋሪ የበጋ ፀሐይ እስከ ማታ ስለምትቆይ ገና አልጠለቀችም፤ በሩ ግን ተዘግቶ ወንበር ይታጠፍ ነበር። ተመልሶ መጥቶ ክራባቱን ፈታና ተቀመጠ። እትዬም በስልክ እየመረቁት ነበር፤ ከልቡ አሜን ይላል። እኔ በእንግዶቹም፣ በይሉኝታችንም ተናደድኩ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

በዚያ ዓመት ገና ጓደኛው ደወለ። አባቴ ብዙ አዳመጠ፣ ጥቂት ተናገረ። ጀርመንኛ አልችልም፤ “ያ” ማለት አዎ መሆኑን ግን ማንም ያውቃል። አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ “ያ” አለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ የምርጫ ክልሉን ሊያፈርሱት መሆኑን ነገረኝ። ሰው ስላነሰ ለጎረቤቶቹ ይከፋፈላል፤ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለው ለየብቻ ይሄዳል። ብርጭቆዎቹን ግን አላነሳም።

“በመጨረሻ መረጥክ ወይ አለኝ። ምን ልበለው? ደጄ ላይ አመለጠኝ ልበለው?”

የካልጋሪን የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ከቁጥር አላስገባውም፤ እሱ የሚፈልገው ፓርላማ ነው። ቀጣዩን ጠብቅ ስለው እሺ ይለኝ ነበር። ቀጣዩ ሲመጣ ከቀበርነው ወራት አልፈው ነበር። እናቴና እኔ ማንንም ሳንጠራ፣ ቁርስ ሳንበላ፣ በጠዋት ተሻገርን። በሩ ላይ እናቴ ኮቷን ልታስተካክል ቦርሳዋን አስያዘችኝ። ተቀብዬ ቆምኩ፤ ቦርሳዋን መልሳ ስትጠይቀኝ እንባዬ መጣ። ከዚያ አብረን ገባን፤ እሱን ግን ውጭ አቁመነው የገባን ያህል ነበር የተሰማኝ።