እትዬ ሰሌዳ ያልጻፉት ዜና

በልብስ ስፌት ሱቄ ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የኔ አይደለም። ግድግዳው የኔ ነው፣ ምስማሩ የኔ ነው፣ የጠመኔው አቧራ የሚያርፍባቸው ሱሪዎችም የደንበኞቼ ናቸው፤ ሰሌዳው ግን ከኔ በላይ ፎቅ ላይ የሚኖሩት የእትዬ ነው። ሰፈሩ «እትዬ ሰሌዳ» ይላቸዋል። ቤተሰብ ያወጣላቸውን ስም የሚያውቅ ካለ ፖስተኛው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ስከፍት እሳቸው ጠመኔና እርጥብ ጨርቅ ይዘው ሃያ ሁለቱን የውጭ ደረጃዎች ይወርዳሉ። ያለፈውን ሳምንት ዜና ያጠፉና አዲሱን ይጽፋሉ። «የዳቦ ቤቱ ድመት አራት ወለደች፤ ሁለቱ ግልገሎች ወሳጅ ይፈልጋሉ።» «አስተማሪው ብስክሌት መንዳት ጀመሩ፤ ጠዋት ጠዋት መንገድ ይለቀቅላቸው።» «የማዕዘኑ ዛፍ አበበ።» በሰፈራችን ሬዲዮ ያለው ሰው እንኳ ሰሌዳውን ሳያነብ ዳቦ አይገዛም።

እትዬ አንድ ሕግ አላቸው። ዜና የሚጻፈው ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ሲናገር ብቻ ነው። የእህቱን መመረቅ ሊያስጽፍ የመጣን ወንድም «እህትህ አፍ የላትም?» ብለው መልሰውታል። በዛፉ ጊዜ ያዝኳቸው ብዬ ነበር። «ዛፉ መጥቶ ነገረዎት?» ብላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ መስኮቴ ድረስ መጥቶ ነው የነገረኝ» አሉኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለእሳቸው ግን እስካሁን «አንተ ልጅ» ነኝ።

ሕጉ ከየት እንደመጣ የነገሩኝ ቀሚስ ሊያስጠብቡ የመጡ ቀን ነው። እትዬ ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ሠርተዋል፤ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ሽቦውን እየነቀሉና እየሰኩ የከተማውን ሰው ሁሉ ሲያገናኙ ኖረዋል። አንድ ቀን አንድ ወጣት ሩቅ ካለች እናቱ ጋር አገናኙኝ ይላል፤ ከመጣደፉ የተነሳ ሴት ልጅ መውለዱን ለእሳቸውም ነገራቸው። እናትየዋ መስመር ላይ ስትገባ እትዬ ደስታው አላስቻላቸውም። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አያት ሆኑ» አሏት። ልጁ ገብቶ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?» ቢላት፣ «ሰማሁ እኮ ልጄ» አለችው።

«ድምፁ እንዴት ዝቅ እንዳለ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ» አሉኝ እትዬ። «ዘጠኝ ወር ያጠራቀመውን ቃል ቀማሁት።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የሚመልሱበት መንገድ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሰው ዜና በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።

እኛም ሕጉን ለመድነው። በሰፈራችን ሐሜት የለም ብል ዋሾ እሆናለሁ። ባለቤቱን ፊት ለፊት «እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው፤ እስከ ቅዳሜ ይጠበቃል። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አፉን ይለጉማል፤ አይናገርም፣ አያስተባብልም። ዘንድሮ በፀደይ ጉድ የሠራን ይኸው ጨዋነታችን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ካፖርት ነው። ብርዱ ሲቆይ ቆይቶ በአንድ ሳምንት ለቀቀ፤ መስኮቶች ተከፈቱ፣ ምንጣፎች በረንዳ ላይ ተሰጡ፣ ወፎቹም ጣራዬ ሥር ጎጆ መሥራት ጀመሩ። ሰኞ ዕለት እትዬ መደገፊያ በሌለው ደረጃ ግድግዳውን እየዳበሱ ወርደው ሰማያዊ ካፖርታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «ገበሩን ቀይርልኝ። ቅዳሜ እለብሰዋለሁ» አሉ። ቅዳሜ ምን አለ የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የደስታ መሰለኝ።

ረቡዕ ደግሞ አናጢው መጡ። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብሱት ለለቅሶና ለሐኪም ብቻ ነው። ያን ቀን ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሜትራቸውን በኪሳቸው አድርገው ፎቅ ወጡ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆዩ። ሲወርዱ «ደህና ዋሉ ጋሼ፣ ምን እግር ጣለዎት?» ብላቸው ፊታቸው ቀልቶ «ሥራ ነው» ብለውኝ እንደሚያባርሩት ሰው ሄዱ። ሐሙስም ተመልሰው መጡ።

እኔ ሞኙ ሄጄ ለዳቦ ጋጋሪዋ አወራኋት። ዱቄት ያለበት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝና፣ «ሊጋቡ ነው» አለች።

«እነማን?»

«እሳቸውና አናጢው ናቸዋ። ሴት ካፖርቷን የምታሳድሰው ለሁለት ነገር ነው። አንዱ ብርድ ነው፤ ብርዱ ደግሞ አልፏል።»

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትዳር ሲሸሽ የኖረ ሰው ስለ ትዳር ምን ያውቃል? አመንኳት።

እውነቱን ለእናንተ አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ እትዬ ፈቅደውልኛል። በብርዱ ወራት ደረጃው ላይ አዳልጧቸው ወድቀው ነበር። ለሰፈሩ ሰው አልተናገሩም። ጉልበታቸው ከዚያ ወዲህ እሺ አላለም፤ ልጃቸው ነገሩን ሲሰማ «እማዬ፣ ሌላ መውደቅ አልጠብቅም፤ ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ» አላቸው። የሚኖረው በመኪና የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው፤ ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ ልጁም መልካም ልጅ ነው። እሳቸው ግን መሄድ አልፈለጉም። አርባ ዓመት ከኖሩበት መንገድ ተነቅለው፣ ማንም የማያውቃቸው ሰፈር ውስጥ የሰው መስኮት ሊቆጥሩ ነው። እንቢ የሚሉበት ምክንያት አጥተው እሺ አሉ። አናጢው የመጡት ለዕቃቸው የእንጨት ሳጥን ሊለኩላቸው ነበር። ታዲያ ዜናው የእሳቸው ስላልሆነ አፋቸውን ለጎሙ።

እኛ ምኑንም ሳናውቅ ለሠርግ ተነሣን። አስተማሪው የደረጃውን ግድግዳ ኖራ ቀቡ፤ ከግድግዳው ይልቅ ብስክሌታቸው ነጣ። ዳቦ ጋጋሪዋ አናጢውን አስጠርታ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ያ ደረጃ ብዙ ሰው ይወጣበታል ይወርድበታል፤ መደገፊያ ቢሠሩለት» ብትላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ዓርብን ሙሉ ሲልጉና ሲመቱ ዋሉ። እኛ የሙሽራ ነገር ነው አልን። ለካ ሰውዬው መደገፊያውን ቀድመው ሠርተውት ቢሆን ኖሮ እትዬ አይወድቁም ነበር እያሉ ነው የሚተክዙት። እኔ ለካፖርቱ የሐር ገበር አገባሁለት። ማንም በማያየው የገበር ጠርዝ ላይ ያን ያህል ደክሜ አላውቅም።

እትዬ ከመስኮታቸው ብቅ ብለው «ምን ነካችሁ ዘንድሮ?» ሲሉን፣ «የፀደይ ጽዳት ነው» አልናቸው። ኋላ እንደነገሩኝ መሄዳቸውን የሰማን መስሏቸዋል፤ ቤቱን ለሚቀጥለው ተከራይ የምናሳምረው መስሏቸው አንጀታቸው አሯል። የከተማውን ሰው ሁሉ ሲሰሙ ለኖሩት ሴት እንኳ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆነባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ በሰው ሞላ። ሁሉም ለብሷል። ዳቦ ጋጋሪዋ ባለ ሁለት ደርብ ኬኳን በጨርቅ ሸፍና ቆማለች፤ አናጢው ጥግ ይዘው ጫማቸውን ያያሉ። እትዬ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አዲሱን መደገፊያ ይዘው በዝግታ ወረዱ። ደነገጡ። ለስንብት የመጣን መሰላቸውና ማንንም ሳያዩ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። አሮጌውን ዜና አጠፉ። እንዲህ ሲሉ ጻፉ፤ «የሰሌዳው ጸሐፊ ከዛሬ ጀምሮ ልጇ ጋ ትኖራለች። ጉልበቷ ደረጃ አልችል አለ። ደህና ሁኑ።»

ጨርቁ ከኬኩ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት አንድ ፒካፕ ሱቄ ፊት ቆመና ልጃቸው ወረደ፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን ሰው ነው። ሰዉን አየ፣ የነጣውን ግድግዳ አየ፣ ኬኩን አየ። «ምንድን ነው?» አለ።

«ሠርግ ነበር» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

«የማን?»

ሁላችንም አናጢውን አየናቸው። «ሳጥን ነው የሠራሁላቸው» አሉ ምስኪኑ። «ስድስት ሳጥን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉን ጋሼ?» አልኳቸው።

«የእሳቸው ዜና ነዋ። እንዴት አድርጌ ልናገር?»

እትዬ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ በመጨረሻ የታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። «በሰባ አንድ ዓመቴ» እያሉ ጠመኔ በነካው እጃቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀመጠና አቀፋቸው።

«ይህን ሁሉ ሰው ጥላ እንድትሄድ መቼ ፈለግሁ?» አለን ልጁ። «እናቴን ከእናንተ ልነጥቅ አልመጣሁም። ከደረጃው ነው ልነጥቃት የመጣሁት። መደገፊያው ጥሩ ነው፤ ግን ሃያ ሁለት ደረጃ በዚያ ጉልበት አይሆንም።»

ልክ ነበር። ልክ ስለነበረም ተናደድኩ። ተናድጄ ሳለሁ ነው ከሱቄ ጀርባ ያለው የምተኛበት ክፍል ትዝ ያለኝ። ለመግባት አንድ ደረጃ እንኳ የለውም።

«እንለዋወጥ» አልኩ። «እሳቸው ታች፣ እኔ ላይ። አከራያችን እንደሆነ ማን የት እንደሚተኛ ግድ የለውም።»

«የሰው ቤት ቀምቼ አልገባም» አሉ እትዬ።

«ማን ቀማኝ? ክፍሉ ፀሐይ አያገኝም፤ ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ አይጥ አለበት። የእርስዎ መስኮት ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። የምጠቀመው እኔ ነኝ።»

«አይጥ?» አሉ።

«አንዲት ናት።»

«ግልገል አለኝ እኮ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። «አሥራ አራት ዓመት በጠመኔዬ ስትነጫነጭ የኖርክ ሰው፣ ዛሬ ምን ሆነህ ነው?»

«እርስዎ ከሄዱ ቅዳሜ ሱቄን ለምን እከፍታለሁ?» አልኳቸው። እንዲህ እላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ከአፌ አመለጠኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበር ካውያዬን የማጸዳ መስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ልጃቸው ተከትሎኝ ገባ። ክፍሉን ዞረ፣ ወለሉን በእግሩ መታ፣ ቧንቧውን በደንብ አጠበቀው። ሲወጣ «እማዬ፣ ውሃው ቆሟል» አላቸው። እሺ ማለቱ ነበር።

ዕቃቸው ሳጥን ውስጥ ስለገባ ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ስድስቱ ሳጥኖች ሲወርዱ የኔ አልጋና የስፌት ክር የሞላ መሳቢያዬ ይወጣሉ፤ መሐል ላይ አስተማሪውና አናጢው ተገናኝተው «እርስዎ ይለፉ፣ አይ እርስዎ ይለፉ» ሲባባሉ ፍራሼ ወደ መንገድ ተንከባለለ። ኬኩን ቆመን በላነው። ላዩ ላይ በክሬም የተሳሉት ሁለት ቀለበቶች የደረሱት ለአናጢው ነው፤ ምንም ሳይናገሩ በሉ። እትዬ የጻፉትን አጥፍተው ጠመኔያቸውን አሹለው ጠበቁኝ። አማራጭ አልነበረኝም። ሄጄ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ጻፉ፤ «ልብስ ሰፊው ፎቅ ወጣ።»

በማግሥቱ ጠዋት አዲሱ ክፍሌ ውስጥ በፀሐይ ነቃሁ። ከመስኮቱ ሆኖ የእያንዳንዱ ሰው በር ይታያል፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ደጇን ስትጠርግ፣ አስተማሪው ብስክሌታቸውን ሲሳደቡ። ደስ አለኝ፤ እንዲያው በደፈናው ደስ አለኝ። ከታች የተኙትን አሮጊት እንዳልረብሽ ግን ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ፣ እንደ ሌባ እየተሽሎከለክሁ ነበር ውሃ የጣድኩት።

ጓ፣ ጓ፣ ጓ አለ ከወለሉ ሥር። በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን እየመቱ ነው። አንድ ነገር ሆኑ ብዬ ሃያ ሁለቱን ደረጃ በካልሲዬ ሮጬ ወረድኩ። እትዬ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ግልገሏ ድመት እግራቸው ሥር ናት።

«ምነው እትዬ? ረበሽኩዎት?»

«ከትናንት ጀምሮ ጆሮዬን ጥዬ እጠብቃለሁ፣ ምንም የለም። ምን እያደረግህ ነው?»

«እንዳልረብሽዎት ጫማዬን አውልቄ ነው።»

ግልገሏን አንሥተው ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ «አንተ ልጅ» አሉ፣ «ባሌ ከሞተ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። በቤቴ ከራሴ ኮቴ በቀር የሰው ኮቴ ሰምቼ አላውቅም። ጫማህን አድርግ። ረገጥ ረገጥ እያደረግህ ሂድ፤ ሰው እንዳለ ልስማ።»

ተመልሼ ወጣሁ። ካሉኝ ጫማዎች ሁሉ ከባዱን ፈልጌ አደረግሁና ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ያለ ምንም ጉዳይ ተመላለስኩ። ከታች በመጥረጊያው እንጨት አንድ ጊዜ መቱ። ሰማሁህ ማለታቸው ነው።